ለልጃችሁ የትኛው ይሻላል? ባለ ቁልፍ ስልክ፣ የእናት ስልክ ወይስ የራሱ ስማርት ስልክ

ልጁ ስድስተኛ ክፍል ደርሷል። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ግማሾቹ የራሳቸው ስልክ አላቸው። አጎቱ ደግሞ ከውጭ ሲመጣ «ይሄ የእሱ ነው» ብሎ አንድ ስማርት ስልክ ትቶ ሄዷል። ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልጁ በየቀኑ ይጠይቃል። እናት «አሥራ ስምንት ሲሞላህ» ትላለች፣ አባት «ኧረ ስጪው፣ ዘመኑ ነው» ይላል።

እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ የልጆቻቸውን ስልክ ሳስተካክል የሚቀርብልኝ ጥያቄም ያው ነው፦ «የቱ ነው የሚሻለው?» መልሱ እንደ ልጁ ዕድሜ፣ እንደ ቤቱ ኑሮና ልጁ እንደሚጠቀምበት አፕ ይለያያል። ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርኩ የቱን ለማን እንደምመርጥ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የምመዝንበትን ልናገር። የማይከፈት ቁልፍ የለም። እናንተ ስልኩን ብትዘጉት የጎረቤት ልጅ ስልክ አለ፣ የታላቅ ወንድም ላፕቶፕ አለ፣ ፕሌይስቴሽን ቤቱም አለ። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ሲቀርብልኝ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ አንድ ቀን የሚያስፈራ መልእክት ቢደርሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲመጣ የሚያደርገው የቱ ነው? የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ድርጅት ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ13 አገሮች ያደረጉት ጥናት አለ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ነገሮች ከአእምሮዬ አይጠፉም። ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። የተጎዱት ልጆች ደግሞ ከተናገሩ የሚናገሩት ለጓደኛ ነው፤ ፖሊስ ወይም የእርዳታ መስመር ጋ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ የሚቀሩም አሉ። ልጁ ከሚያውቀው ላላ ያለ ቁጥጥር ይልቅ ልጁን የሚያስደብቅ ጥብቅ ቁጥጥር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

የቱ ስልክ?

ባለ ቁልፍ ስልክ ርካሽ ነው፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ቢጠፋም ያን ያህል አያንገበግብም። ብቻውን ትምህርት ቤት ለሚመላለስ የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም። «ደርሻለሁ»፣ «ታክሲ አጣሁ» ለማለት ይበቃዋል። ስትገዙ ግን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ባለ ቁልፍ ስልክም ኢንተርኔት ይከፍታል። ችግሩ የቤት ሥራው ነው። ከኮሮና ጊዜ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ወርክሺቱን በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ለምዷል። ስለዚህ ግሩፑ የወላጅ ስልክ ላይ ይሁንና ማታ አብራችሁ ክፈቱት።

የእናት ስልክ የብዙው ቤት እውነታ ነው። እናት ወጥ ስትሠራ ልጅ ስልኳን ይዞ ዩቲዩብ ያያል። አማራጩ መጥፎ አይደለም፤ ቢያንስ ልጁ የሚያየው ሰው ባለበት ነው። ጉዳቱ ስልኩ የትልቅ ሰው ስልክ መሆኑ ነው። ዩቲዩቡም ቲክቶኩም የሚያመጡት እናትና አባት ሲያዩ የከረሙትን ዓይነት ነው። ከሰርግ ቪዲዮ ቀጥሎ የጦርነት ምስል፣ ከዚያ ደግሞ ሰዎች የሚሰዳደቡበት ላይቭ ይመጣል። ቴሌብርም እዚያው ነው። ጋለሪው ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ ቴሌግራሙ ውስጥ የእድር ግሩፕ አለ። ትንሽ ጣት አንዴ ከነካካ ፎቶው ለሰፈሩ ሁሉ ይደርሳል።

ስልክ የምትጋሩ ከሆነ አንድሮይድ ላይ «አፕ ፒኒንግ» የሚባል ነገር አለ። ሴቲንግስ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ከሚለው ስር ፈልጉት። ዩቲዩብ ኪድስን ከፍታችሁ እሱን ብቻ ትቆልፉታላችሁ፤ ለመውጣት ፒን ይጠየቅ የሚለውን ካበራችሁ ልጁ ከዚያ ልውጣ ሲል የእናንተን ፒን ይጠየቃል። ስልካችሁ ሳምሰንግ ከሆነ «ሳምሰንግ ኪድስ» የሚባል የልጆች ገጽ አለው። የቴሌብር ፒናችሁን ደግሞ የልጁ የልደት ዓመት አታድርጉት። ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

የራሱ ስማርት ስልክ ሦስተኛው አማራጭ ነው። እኔ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት አልመክረውም። ከሰጣችሁትም ስልኩ ልጁ እጅ ከመግባቱ በፊት ይስተካከል። አንዴ ከሰጣችሁት በኋላ ገደብ ማስገባት ቅጣት ይመስላል፤ ገና ከእሽጉ ሲወጣ የነበረ ገደብ ግን የስልኩ ጠባይ ሆኖ ይለመዳል። ያገለገለ ስልክ ከሆነ መጀመሪያ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ። የድሮው ባለቤት አካውንት፣ ፎቶና አፕ ይዞ ልጅ እጅ የሚገባ ስልክ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ ለእኔ ከአፕ ሁሉ ይበልጣል፦ ስልኩ የሚያድረው ሳሎን ነው። ቻርጀሩ ሳሎን ይሰካ፣ ማታ የሁሉም ስልክ እዚያ ይሰብሰብ፣ የእናንተም ጭምር። ልጅ የማይልከውን ፎቶ የሚልከው፣ የማይመልሰውን መልእክት የሚመልሰው ሌሊት ብርድ ልብስ ስር ሆኖ ነው። «ማንቂያ ደወል ያስፈልገኛል» ካለ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት።

በምን እንቆጣጠር?

እዚህ አራት አማራጭ አለ። ሁለቱን እወዳቸዋለሁ፣ አንዱ ረዳት ነው፣ አራተኛውን ተዉት ነው የምለው።

ፋሚሊ ሊንክ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ነፃ አፕ ነው። የልጁ ስልክ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል ወይም ሳምሰንግ ከሆነ ጉዳያችሁ እዚህ ያልቃል። የወላጅ ስልክ አይፎን ቢሆንም ይሠራል። ለልጁ በትክክለኛ ዕድሜው ጂሜይል ትከፍታላችሁ፣ በእሱ ስልኩን ታስነሳላችሁ፣ ከእናንተ አካውንት ጋር ታገናኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ልጁ ከፕሌይ ስቶር አፕ ሊያወርድ ሲል ጥያቄው ለእናንተ ይመጣል። በቀን ስንት ሰዓት ይጠቀም፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋ የሚለውን ትወስናላችሁ። ስልኩ ያለበትን ቦታም በካርታ ያሳያል። ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፤ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዲዘጋ ከፈለጋችሁ ማታ 9 ብላችሁ ሙሉ። አዲስ ትእዛዝ ከእናንተ ወደ ልጁ የሚደርሰው ሁለቱም ስልኮች ኢንተርኔት ሲኖራቸው መሆኑንም አትርሱ።

ድክመቱን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ፋሚሊ ሊንክ ልጁ ቴሌግራም ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይነግራችኋል፤ ማን ምን እንደጻፈለት ግን አያሳይም። «ፋሚሊ ሊንክ አስገብቼለታለሁ» ብሎ የተዘናጋ አባት ያየው ሰዓቱን ብቻ ነው። ሌላው ፋይል መላላኪያው ዜንደር ነው። ልጆች አፕ የሚለዋወጡት ከፕሌይ ስቶር ይልቅ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ይህን ለመዝጋት ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚመጣ አፕ እንዳይጫን የሚከለክለውን ምርጫ አብሩ።

አይፎን ላይ ሌላ አፕ አያስፈልግም። ሰዓትና አፕ የሚገድበው «ስክሪን ታይም» እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ስልኩ ውስጥ አለ። ከፋሚሊ ሊንክ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ለልጁ ራቁት ምስል ሲላክለት ወይም ልጁ ሊልክ ሲል ምስሉን አደብዝዞ ያስጠነቅቀዋል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት በአፕል በራሱ የመልእክት አፕ ላይ ነው፤ ቴሌግራም ላይ አትመኩበት። በእኛ ቤት ያለው ችግር ሌላ ነው። ልጁ ከውጭ የተላከለትን አይፎን ይይዛል፣ አባት ግን ቴክኖ ነው ያለው። እንዲህ ሲሆን አባት ከራሱ ስልክ ሆኖ መቆጣጠር አይችልም። የልጁን ስልክ ይዞ እዚያው ላይ ገደቡን ያስተካክልና ልጁ የማያውቀውን ፒን ያስቀምጣል። ይሠራል፣ ግን አንድ ነገር መቀየር ባስፈለገ ቁጥር ስልኩን መቀበል ግድ ነው። ወላጆቹ አንድሮይድ ለያዙበት ቤት ለልጁም አንድሮይድ ይሻላል።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላላችሁ ነው። ራውተሩ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብታስገቡ የብልግና ድረ ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩ ገጾችን ለቤቱ ስልክ ሁሉ ይዘጋል። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ለቤተሰብ ብሎ በነፃ ያቀረበው ነው። ቴሌቪዥኑንም፣ የእንግዳውንም ስልክ ያካትታል። ልጁ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ግን አይከተለውም፣ እገዳ የሚያሳልፈውን ቪፒኤን ከከፈተም ያልፈዋል፣ ቴሌግራም ውስጥ የሚመጣውንም ቪዲዮ አያስቆምም። ስለዚህ ከሌላው ጋር ተጨማሪ አድርጉት እንጂ ብቻውን አትመኩበት።

አራተኛው ልጁ ሳያውቅ መልእክቱን የሚያነብ የስለላ አፕ ነው። የሚሸጡት ሰዎች የወላጅን ጭንቀት ያውቁታል። በወር በዶላር ታስከፍላለች፣ ስትጫን የስልኩን ጥበቃ አጥፉ ትላለች፣ የልጃችሁን ፎቶና ጽሑፍ ደግሞ የማታውቁት ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጣለች። እንዲህ ካሉ ኩባንያዎች መረጃ የተዘረፈባቸው አሉ። ከሁሉ የሚብሰው ልጁ ያወቀ ዕለት ነው። ልጁ ያውቃል፤ ያኔ ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል፣ በጓደኛው ስልክ ይጽፋል፣ እናንተም ከዚያ በኋላ የምታነቡት ለእናንተ የተተወውን ብቻ ይሆናል። ለልጁ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ ስልኩን ፊት ለፊት ተቀበሉት፣ ምክንያቱንም ንገሩት።

የልደት ዓመቱ

ይህ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የቀረውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ቲክቶክም ኢንስታግራምም ልጅ መሆኑን ለሚያውቁት አካውንት ጥበቃ አላቸው። የሚያውቁት ደግሞ ሲከፈት ከተሞላው የልደት ቀን ነው። ልጆች እንዲፈቀድላቸው ብለው ዕድሜ ይጨምራሉ። እኛ ጋ ደግሞ ማንም ሳይዋሽ የሚፈጠር ስህተት አለ። ልጁ የተወለደው በ2006 ዓ.ም. ነው። እናት ወይም ልጁ ራሱ ያንኑ 2006 ስልኩ ላይ ይሞላል። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሮ ሃያ ዓመት ገደማ ሆነ። ከዚያ በኋላ አፑ እንደ ትልቅ ሰው ያስተናግደዋል፤ ማንም ይጽፍለታል፣ ማንኛውም ላይቭ ይመጣለታል።

ዛሬ ማታ የልጃችሁን አካውንቶች ክፈቱና የልደት ዓመቱን እዩ። ከተሳሳተ ማስተካከሉ ያስቸግራል፤ ያንን አካውንት ዘግቶ በትክክለኛው ቀን አዲስ መክፈት ብዙ ጊዜ ይቀላል። ፎሎወር ይጠፋል ብሎ ያለቅሳል፣ ይችላል። 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ለቲክቶክም ለኢንስታግራምም በራሳቸው ደንብ አልደረሰም።

የትኛው አፕ ይቅደም?

ዩቲዩብ ይቅደም። እስከ 8 ወይም 9 ዓመት ዩቲዩብ ኪድስ ይበቃል። ውስጡ በዕድሜ የተከፋፈለ ምርጫ አለው፤ እኔ የምወደው እናንተ የመረጣችኋቸውን ቻናሎች ብቻ የሚያሳየውን ነው። አማርኛ ርዕስ ያለው ቪዲዮ ሳይገባው ማጣሪያውን ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ለአማርኛ ልጆች ቻናል ራስን መምረጥ ይሻላል። ከ9 ዓመት በላይ ለሆነው ከፋሚሊ ሊንክ ጋር የተገናኘ፣ በወላጅ የሚስተካከል ዩቲዩብ አለ። እዚህ ላይ ልጁ ያያል እንጂ ማንም በግል አይጽፍለትም፤ ለመጀመሪያ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከ13 በኋላ ይምጡ። ከሁለቱ ኢንስታግራም ለወላጅ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረው የታዳጊዎች አካውንት ከመጀመሪያው ፕራይቬት ሆኖ ይከፈታል፣ ልጁ የማይከተለው ሰው መልእክት አይልክለትም፣ ከ16 በታች ያለ ልጅ ገደቡን ለማላላት የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። ቲክቶክም ከ16 በታች ላለ አካውንት በግል መልእክት መላላክን ይዘጋል፤ ላይቭ ለመክፈትም ሆነ ጊፍት ለመላክ 18 ዓመት ይጠይቃል። «ፋሚሊ ፔሪንግ» በሚባለው መንገድ የእናንተን ቲክቶክ ከልጁ ጋር በኪውአር ኮድ አገናኝታችሁ የሰዓት ገደቡን ራሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ የሚያየው ነገር ነው። ሌሊት የሚካሄዱት የስድድብ ላይቮች የልጅ አፍ ምን እንደሚያደርጉት ጠዋት ቁርስ ላይ ትሰሙታላችሁ።

ቴሌግራም ከሁሉ የምፈራው አፕ ነው፣ ልንከለክለው የማንችለውም እሱ ነው። የቤት ሥራው እዚያ ነው፣ የማትሪክ ጥያቄው እዚያ ነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ሳይቀር እዚያ ነው። ወላጅ የልጁን አካውንት ከራሱ ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ግን የለውም። ግሩፕ ውስጥ ያየው ማንም ሰው በግል ሊጽፍለት ይችላል፤ የማያውቁት ሰው ጭራሽ እንዳይጽፍ የሚያደርገው ምርጫ ለፕሪሚየም ከፋዮች የተተወ ነው። የቀረውን በር በእጅ መዝጋት ያስፈልጋል።

ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ስልኩን ራሱ ይያዝ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»። «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» አድርጉት፤ ከስሩ በስልክ ቁጥር ማን ያግኘኝ የሚል ሲመጣ «ማይ ኮንታክትስ» በሉት። የፕሮፋይል ፎቶውንና ጥሪውንም «ማይ ኮንታክትስ»። ቀጥሎ ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኝ የሚለውን እንዲሁ አድርጉ። ይህ አንዱ ብቻ ልጁ ሳይጠየቅ የሚጎተትባቸውን የቤቲንግ፣ የ«ቁጭ ብለህ ዶላር ሥራ»ና የብልግና ግሩፖች አብዛኛውን ያስቀራል። ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ። «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች እዩ፤ የማታውቁት ካለ አስወጡት። መጨረሻ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳይወርድ አጥፉ። ፓኬጅም ይቆጥብላችኋል።

ከዚያ ስለ ሰዎቹ አውሩ። መልእክቱ ሲጀምር የሚያስፈራ ነገር የለውም። «ሃይ፣ የሒሳብ ግሩፑ ላይ አይቼሽ ነው። ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ቀጥሎ «የት ሰፈር?» ይላል። ሁለት ሳምንት ጥያቄ ያሠራታል፣ ካርድ ይልክላታል። ከዚያ «ፎቶሽን ላኪልኝ» ይመጣል። ከዚያ «ሲክሬት ቻት እንክፈት፣ እናትሽ እንዳታይ»። ለልጃችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንዳለ ንገሩት፣ ለሴቷም ለወንዱም። «እናትህ እንዳታይ» ያለ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ የሚያውቁት አስጠኚም ቢሆን፣ ያኔውኑ ለእናንተ የሚነገርበት ቃል እሱ ነው።

ጭራሽ መከልከልስ?

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ስናፕቻትና ሌሎችም ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። ሜልቦርን ላሉ ወገኖቻችን ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ «ሕግ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል፣ የክፍል ጓደኛውም አይፈቀድለትም። ቅጣቱም በኩባንያዎቹ ላይ እንጂ በልጁ ወይም በወላጁ ላይ አይደለም። ሕጉ እንደ ዋትስአፕ ያሉ የመልእክት አፖችን ግን አያካትትም፣ ስለዚህ በግል የሚመጣው መልእክት አሁንም የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሌላ ቦታ ሆኖ አንድ ቤት ብቻውን ሲከለክል ውጤቱ ይለያል። ልጁ በጓደኛው ስልክ ይጠቀማል፣ የተከለከለ ነገር ላይ ችግር ሲደርስበት ደግሞ መናገር ሁለት ጥፋት ማመን ይሆንበታል። መከልከል ከፈለጋችሁ የክፍል ጓደኞቹን ወላጆች አነጋግራችሁ አምስት ስድስት ቤት አብራችሁ አድርጉት። ያኔ ይሠራል።

ወላጅ ሩቅ ሲሆን

እናት ጅዳ ወይም ቤሩት ናት፣ ልጅ ደሴ ከአያቱ ጋር ነው። ስልኩን የላከችው በኢሞ ልታየው ነው። አያት ስልክ መክፈት አይችሉም። ብዙ እናቶች ፋሚሊ ሊንክን ከሩቅ ይሞክሩና እንቢ ይላቸዋል። ምክንያቱ ጉግል አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚገቡት አካውንቶች የአንድ አገር እንዲሆኑ መጠየቁ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁ አጠገብ ያለች አክስት ወይም ታላቅ እህት በራሷ ስልክ ተቆጣጣሪ ትሁን፣ እናት ደግሞ በየሳምንቱ በቪዲዮ ስትደውል «ማን ጻፈልህ፣ ምን አየህ» ብላ ትጠይቅ። አያትም ድርሻ አላቸው፤ ስልኩ ማታ እሳቸው ትራስ ስር ማደር ይችላል።

ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ያለው ቤት ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወላጅ አጠገብ ነው፣ ቴክኖሎጂውን የሚያውቀው ግን ልጁ ነው። የእናትን ኢሜይል የከፈተው እሱ ነው፣ የባንኩን አፕ ያስገባው እሱ ነው፣ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው። ፋሚሊ ሊንክ በዚያ ኢሜይል ከተከፈተ ተቆጣጣሪውም ልጁ ራሱ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ፓስወርዳችሁን ቀይሩ። ማስተካከሉን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ አንድ ወጣት፣ ወይም የሰፈሩ ላይብረሪ ሠራተኛ አብሯችሁ ይሥራ። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የማታነቡት ከሆነ ልጁ ራሱ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ ከስለላ አፑ የተሻለ ትማራላችሁ።

አንድ ነገር ከደረሰ

ስልኩን በሰጣችሁ ቀን አንድ ቃል ግቡ፦ «አንድ ነገር ደርሶብህ ከነገርከኝ ስልኩን አልቀማህም፣ አልመታህም»። ብዙ ልጅ የሚደብቀው ስልኩን እንዳያጣ ነው። ቃላችሁን ደግሞ ጠብቁ።

በወንዶች ልጆች ላይ የበዛው ማስፈራራት ይህን ይመስላል። ቆንጆ ልጅ መስላ የምትጽፍ ታገኘዋለች፣ ፎቶ ትልካለች፣ የእሱንም ትጠይቃለች። እንደላከ ወዲያው ንግግሩ ይቀየራል። የተከታዮቹን ስም ዝርዝር ትልክለትና «እስከ ማታ ካልከፈልክ ለሁሉም እልካለሁ» ትላለች። ብዙ ጊዜ ከኋላ ያለው ልጅቷ ሳትሆን ገንዘብ የሚሰበስብ ቡድን ነው። ልጁ ያን ሌሊት ራሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በውጭ አገር ሕይወታቸውን ያጡ ታዳጊዎች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አጠገቡ ሁኑ፣ ብቻውን አይደር። ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ቻቱን አታጥፉት። የዛቻውን ጽሑፍ፣ የአካውንቱን ስምና ገንዘብ ላክ የተባለበትን ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ፣ ከዚያ ሪፖርትና ብሎክ አድርጉ።

ፎቶው እንዳይሰራጭ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ያቀረበው ሲሆን የትም አገር ሆኖ ይሠራል። ፎቶውን ለማንም አትልኩም። ልጁ ስልክ ላይ እንዳለ የፎቶው የቁጥር አሻራ ብቻ ይወሰዳል፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎች አባል የሆኑ ኩባንያዎች በዚያ አሻራ ለይተው ያነሱታል። ፎቶው የተነሳው ልጁ 18 ሳይሞላው ከሆነ ይጠቅማል።

አሜሪካ ያላችሁ ለዚያው ማዕከል በ1-800-843-5678 መደወል ትችላላችሁ። እስራኤል ያላችሁ 105 የልጆች የኢንተርኔት ጥበቃ መስመር ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች 116 111፣ እንግሊዝ ደግሞ 0800 1111 ልጁ ራሱ ደውሎ የሚያወራበት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በኮምፒውተር አማካኝነት ማስፈራራትም ሆነ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የብልግና ምስል ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ። ስልኩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ምን እንደደረሰ ለማስረዳት ብላችሁ የልጁን ፎቶ ለአጎት፣ ለመምህር ወይም ለቤተሰብ ግሩፕ አትላኩ፤ ላኪው ወላጅ ቢሆንም ሕጉ ማሰራጨት ይለዋል፣ ልጁም ያንን አይረሳም።